ወሎ ላይ የአስትሮኖሚ ምርምር ማዕከል ቢታሰብ መጀመሪያ ቴሌስኮፕ ነው ወይስ ሰው?

የጦሳ_ንፋስ · ህዳር 2፣ 2018

ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንደምን ሰነበታችሁ የወሎ ልጆች። ነገሬ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡኝ።

እኔ ደሴ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ትውልዴ ደላንታ ነው። ባለፈው ወር ዩኒቨርስቲ የሚያስተምሩ የድሮ የክፍል ጓደኞቼ ጠሩኝና የአስትሮኖሚና አስትሮፊዚክስ ምርምር ማዕከል ፕሮፖዛል እየፃፍን ነው ና አግዘን አሉኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ ምክንያቱም እኔ ከብት ይዤ አምሽቼ ስመለስ ፍኖተ ሐሊብ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ስሙን እንኳ ያወቅኩት ግን ዩኒቨርስቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

ረቂቁን ሳነበው ግን ልቤ ትንሽ ወረደ። አንደኛ ተራ ላይ የተፃፈው ባለ 1 ሜትር (የመስታወቱ ስፋት ማለት ነው) ቴሌስኮፕ ነው፣ ከዛ ህንፃ፣ ከዛ መኪና፣ ሰው ማሰልጠን የሚለውን ሰባተኛ ላይ አገኘሁት እሱም በአንድ መስመር። እኔ ያልኩት ይገልበጥ ነው። መጀመሪያ ሰው፣ ከሰው ጋር ኮምፒውተርና ኢንተርኔት፣ ጎን ለጎን ደሞ የራሳችንን ሰማይ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሌሊት ሌሊት እየመዘገብን ማወቅ፣ ቴሌስኮፑ ከዛ በኋላ። እነሱ ደሞ ቴሌስኮፕ ከሌለን ማን ማዕከል ይለናል፣ በጀት የሚፈቅድ ሰው በአይኑ የሚያየው ነገር ይፈልጋል ይላሉ። እሱም እውነት አለው አልክድም።

ሰማያችን መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም እንዳትሳሳቱ። ደሴ ወደ 11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፣ ስለዚህ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይታየናል፣ ዞር ስንል ደሞ የደቡብ መስቀል አለ፣ አውሮፓ ያለ ሰው አገሩ ሆኖ የማያየው። ሁለቱንም ሰማይ ከአንድ ሜዳ ላይ ቆሞ ማየት ትልቅ ሀብት ነው። ከፍታው አለን፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የበጋ ሌሊት አለን። ግን ክረምቱ ይዘጋናል፣ ወሎ ደሞ በልግ አለው፣ የካቲት ላይ ሰማይ ጠራ ብለህ ስትወጣ መጋቢት ላይ ጉም ይውጥሃል። ስንት ሌሊት ነው በዓመት የምናገኘው? ማናችንም በቁጥር መመለስ አልቻልንም፣ ቴሌስኮፕ ግን ልንገዛ ነው።

ሀሳብ ስጡኝ፣ በተለይ ዘርፉ ውስጥ ያላችሁ። ሁለት ሳምንት ነው ያለን።

ላስታ_ልጅ

ወንድምዬ ይሄን ርዕስ ስላመጣኸው እግዜር ይስጥህ። እኔ ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ፣ ሰኔ 14፣ 2012 እሁድ ጠዋት የነበረውን የቀለበት ግርዶሽ በአይኔ አይቻለሁ። መስመሩ ልክ በላያችን ነው ያለፈው፣ ግን ኮሮና ገብቶ እንግዳ የሚባል ነገር የለም ሆቴሉ ሁሉ ባዶ፣ አንድ መነፅር ለዘጠኝ ሰው እየተቀባበልን ነው ያየነው። ጠዋት ወደ 2 ሰዓት ላይ ጨረቃ የፀሐይዋ መሀል ገባችና ዙሪያውን እንደ ጋብቻ ቀለበት ቀጭን እሳት ብቻ ቀረ። ብርዱ መጣ፣ ብርሃኑ ደብዘዝ አለ እንጂ አልጨለመም፣ ከወይራው ስር መሬቱ ላይ ደሞ በቅጠሉ መሀል የሚሾልከው ብርሃን ሁሉ ትንንሽ ማጭድ ማጭድ ሆኖ ነበር ከዛ ደሞ ትንንሽ ቀለበት ሆነ፣ ሰው ፀሐይዋን ትቶ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

አንድ ህፃን ለምን ሙሉ በሙሉ አልሸፈነቻትም ብሎ ጠየቀኝ መልስ አጣሁ። በኋላ ነው ያነበብኩት፣ ጨረቃ ከምድር የምትርቅበትና የምትቀርብበት ጊዜ ስላለ ስትርቅ አንሳ ስለምትታይ ፀሐይዋን መሸፈን አትችልም። በመፅሐፍ ሁለት መስመር ናት፣ ያን ቀን የሚነግረን ግን አንድ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የኔ ድምፅ ለሰው ነው።

ኮምቦልቻ_ኮድ

እኔም ሰው ነው የምለው ግን በሌላ ምክንያት። ፕሮግራመር ነኝ፣ ለራሴ ስል የኮከብ ዳታ እጫወትበታለሁ። ብዙ ሰው ያላወቀው ነገር፣ ዛሬ የዓለም ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ዳታ በነፃ ነው የሚለቀቀው። ጋይያ የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት በ2022 እ.ኤ.አ. የለቀቀው መዝገብ ከ1.8 ቢሊየን በላይ የሚሆን ኮከብ ቦታ አለበት፣ ኮምቦልቻ ቁጭ ብዬ አውርጄዋለሁ ሁሉንም ማለቴ አይደለም የምፈልገውን ቁራጭ። በ2018 እ.ኤ.አ. የመጠቀው ቴስ የሚባል ሳተላይት ደሞ ፕላኔት በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑ ትንሽ ዝቅ የሚልበትን ይለካል፣ እሱም ነፃ ነው። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚችል፣ ፊዚክሱን የሚያውቅና ሱፐርቫይዘር ያለው ተማሪ ከዚሁ ሆኖ ፔፐር ማውጣት ይችላል።

የሚጎድለን መብራትና ኔት ነው እሱን በግልፅ ፃፉት። መብራት በሄደ ቁጥር ስሌቱ ከዜሮ የሚጀምር ከሆነ ማንም ተማሪ አይቆይላችሁም። ዩፒኤስ፣ ባትሪ፣ ጥሩ ሰርቨር፣ ለተማሪው ላፕቶፕ። ፎቶ ላይ አያምርም ግን ስራው እሱ ላይ ነው ያለው።

ሌላ ደሞ፣ ለምን ሁላችሁም በመስታወት ስለሚያየው ቴሌስኮፕ ብቻ ታወራላችሁ? ሬድዮ አለ እኮ! የሬድዮ ቴሌስኮፕ ለደመና ደንታ የለውም ቀንም ይሰራል። ጋና ከሳተላይት ግንኙነት የተረፈ ባለ 32 ሜትር ዲሽ ለሬድዮ አስትሮኖሚ ቀይራ በ2017 እ.ኤ.አ. አስመርቃለች። እኛ እሱን ባንችልም ሃይድሮጅን 1420 ሜጋኸርዝ ላይ የሚለቀውን ምልክት፣ ባለ 21 ሴንቲሜትር ሞገድ የሚሉትን፣ ከቆርቆሮ በተሰራ የጡሩንባ አፍ የመሰለ አንቴናና በትንሽ የዩኤስቢ መቀበያ መያዝ ይቻላል። ኮምቦልቻ ቆርቆሮ የሚሰራ ሰው ሞልቷል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ እየወረደ የፍኖተ ሐሊብን ሃይድሮጅን መለካት ማለት ነው አስቡት። ፕሮፖዛሉ ውስጥ ካስገባችሁት እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ አሰለጥናለሁ፣ ቃሌ ነው።

ሐቀኛው_ከወረባቦ

ሰላም። እኔ አልስማማም፣ በቅንነት ነው የምፅፈው እንዳትቀየሙኝ። ወሎ በ66ም በ77ም በረሃብ ያለቀ አገር ነው። ከዛ ወዲህ ደሞ ጦርነቱ መጥቶ የተረፈችውንም ይዟት ሄደ። የእህቴ ልጅ የምትማርበት ትምህርት ቤት የፊዚክስ ላብራቶሪ የሚባል በሩ ላይ ፅሁፍ ብቻ ነው ያለው፣ ስትገባ የተሰባበረ ወንበር ነው የተከመረበት፣ ልጅቷ 12ኛ ክፍል ደርሳ ሌንስ በእጇ ነክታ አታውቅም። እና ለኮከብ ማዕከል? ውሃ የሌለው ቀበሌ እያለ፣ በልግ ሲቀር እህል የሚለምን ገበሬ እያለ። ኮከቡ የትም አይሄድም እኮ፣ መጀመሪያ መሬት ላይ ያለውን እናስተካክል።

የጦሳ_ንፋስ

ወንድሜ ሐቀኛው፣ ቅያሜ የለም፣ የፃፍከው ሁሉ ልቤ ውስጥ ያለ ነው። የእህትህን ልጅ ትምህርት ቤት አላውቀውም ግን ላብራቶሪውን አውቀዋለሁ ምክንያቱም እኔም እንደዛ ዓይነት ክፍል ውስጥ ነው የተማርኩት።

ግን አንድ ነገር ልበልህ። ታህሳስ 10፣ 2012 ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ወደ 70 ኪሎ የምትመዝን ትንሽ ነገር ናት፣ ስራዋም እርሻ፣ ደንና ውሃ ማየት ነበር። የሳተላይት ምስል ላይ ደመናውን ከመሬቱ የሚለይ፣ ስህተቱን የሚያርም፣ ከቁጥር ውስጥ ምልክት የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋል፣ የኮከብ ምስል ላይ የሚሰራውም ስሌት ይሄው ነው። በልግ ቀረ አልቀረ የሚለውን ከሳተላይት ቀድሞ የሚያነብ ልጅ ከዚህ ማዕከል ሊወጣ ይችላል። ይሄን ለማሳመኛ ብዬ አይደለም የምነግርህ፣ አንድ ዓይነት ትምህርት ስለሆነ ነው።

የትምህርት ቤቱን ላብ በተመለከተ ግን መልስ የለኝም። ላስብበት።

ቡና_ጀባ

አቦ እናንተ ስለ ሰርቨር ታወራላችሁ እኔ ደሞ አንድ የምታስደስት ነገር ይዤ መጣሁ። ሰማይ ላይ ቡና የሚባል ኮከብ እንዳለ ታውቃላችሁ? አንድሮሜዳ የሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ኤችዲ 16175 የሚል ቁጥር የነበረው ኮከብ ነው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ አስትሮኖሚ ህብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ስም እንዲያወጣ ሲሰጥ ኢትዮጵያ ኮከቡን ቡና ፕላኔቱን አቦል ብላ ሰየመች። ከኛ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይርቃል፣ አቦልም ከጁፒተር የሚከብድ ግዙፍ ፕላኔት ነው። ቶናና በረካ ገና አልተገኙም እናንተ ማዕከሉን ክፈቱና ፈልጓቸው 🙂 ወላሂ ከልቤ ነው የምለው፣ ለልጆቼ ይሄን ስነግራቸው ውጪ ወጥተው የት ነው አሳይን ብለው አስጨነቁኝ።

የጦሳ_ንፋስ

@ቡና_ጀባ እህቴ በዚህ ወር ማታ 3 ሰዓት ላይ አንድሮሜዳ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ቡና በባዶ አይን አይታይም ብርሃኑ ትንሽ ያንሳል፣ ባይኖኩላር ካለ ግን ይገኛል። ካርታ አዘጋጅቼ እለጥፍልሻለሁ።

ኬፕታውን_ወሎዬ

የሐይቅ ልጅ ነኝ፣ እዚህ ደቡብ አፍሪካ በአስትሮኖሚ ፒኤችዲ እየሰራሁ ነው። ውይይቱን ዛሬ ነው ያየሁት፣ ልብ የሚያሞቅ ነገር ነው፣ ስለዚህ በዝርዝር ልፃፍ።

አንደኛ ቴሌስኮፕ መግዛት የወጪው መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። መስታወቱ ላይ የሚቀባው አልሙኒየም በአቧራና በእርጥበት ይበላሻል፣ በየዓመቱ በየሁለት ዓመቱ መታጠብ መቀባት አለበት፣ ለዛ ደሞ ቫክዩም ቻምበር (አየሩ የሚወጣለት ትልቅ ሳጥን) ያስፈልጋል። የሚያሽከረክረው ሞተር ሲበላሽ መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዶላር። ካሜራው ቀዝቃዛ ሆኖ መቆየት አለበት። ይሄን ሁሉ የሚያደርግ ቴክኒሺያን ቋሚ ደሞዝ ይፈልጋል። አስተማሪ ትርፍ ሰዓቱን እየወጣ የሚሰራው ስራ አይደለም።

ሁለተኛ ቦታ። እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፣ ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የአገራችን መጀመሪያ ነው ብዙ ተማሪ አፍርቷል ሊከበር ይገባል። ግን አዲስ አበባ ከስሩ ናት፣ ከተማው በሰፋ ቁጥር መብራቱ ወደ ሰማይ ይወጣል። ላሊበላ አጠገብ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ትልቅ ኦብዘርቫቶሪ (ሰማይ የሚጠናበት ጣቢያ) ይሰራ የሚለው ሀሳብ የመጣው ለዚህ ነው። ከዚህ የምንማረው ጨለማ እራሱ መጠበቅ ያለበት ንብረት መሆኑን ነው። እዚህ ደቡብ አፍሪካ በ2007 እ.ኤ.አ. ለአስትሮኖሚ የሚመቹ አካባቢዎችን ከመብራትና ከሬድዮ ምልክት የሚጠብቅ ህግ ወጥቷል። ሳዘርላንድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ ሳልት የሚባለው ባለ 91 ቁራጭ መስታወት ትልቁ ቴሌስኮፕ ያለው እዛ ነው፣ ሌሊት ስትደርስ እጅህን አታየውም።

ሦስተኛ ሲይንግ። አየሩ ሲናወጥ ኮከቡ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ለገጣሚ ደስ ይላል ለኛ ግን ምስሉን ያበላሸዋል። ከፍ ያለ ተራራ ሁሉ ጥሩ ሲይንግ የለውም፣ ንፋሱ ተራራውን እንዴት ተሻግሮ እንደሚመጣ ነው ወሳኙ። ስለዚህ መለካት ነው ሌላ መንገድ የለም። የጦሳ ንፋስ ሁለት ዓመት ያልከው ትክክል ነው፣ እንደውም ሦስት ብትል አይበዛም።

አራተኛ ትንሽ ቴሌስኮፕ አትናቁ። ሞሮኮ ኡካይመደን የሚባል ቦታ 2,750 ሜትር ላይ የማራኬሽ ካዲ አያድ ዩኒቨርስቲ ኦብዘርቫቶሪ አለ። እዛ ላይ ከቤልጂየሙ ሊዬዥ ዩኒቨርስቲ ጋር በ2016 እ.ኤ.አ. የተተከለው ትራፒስት-ሰሜን 60 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፣ ከርቀት ነው የሚታዘዘው። ወንድሙ ቺሊ ያለው ደሞ ያው 60 ሴንቲሜትር ሆኖ ትራፒስት-1 የተባለው ኮከብ ዙሪያ ያሉትን ፕላኔቶች ፍለጋ የጀመረው እሱ ነው፣ በኋላ ሰባት መሆናቸው በ2017 እ.ኤ.አ. ተነገረ። ትልቅነቱ ሳይሆን ጥያቄው ጥርት ያለ መሆኑ ነው የረዳቸው። እናንተስ ጥያቄያችሁ ምንድነው? ፕሮፖዛሉ ላይ ከመሳሪያው በፊት እሱ ይፃፍ።

ዘሐይቅ_ባህረሐሳብ

ሰላም ለሁላችሁ ልጆቼ። እኔ የአብነት መምህር ነኝ፣ ልጄ እያነበበልኝ ነው የምሳተፈው። ስለ ሰማይ ሲወራ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አባቶቻችን ፀሐይና ጨረቃን በ19 ዓመት አንድ ላይ የሚመልስ ባህረ ሐሳብ የሚባል ስሌት ሲያስተምሩ ኖረዋል። የዘንድሮውን 2018 ብታሰሉት 5500 ሲደመር 7518 ነው፣ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፣ አንዱን ለዘመን ቀንሶ መንበር የሚባለው ቁጥር 12 ይሆናል። በ11 አባዝቶ በ30 ሲገደፍ (ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣ) አበቅቴ 12፣ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18፣ ሁለቱ ሲደመሩ 30። ከዚህ ተነስቶ ሲቆጠር ዘንድሮ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ነው። ያለ ወረቀት በጣት አንጓ የሚያሰላ ተማሪ አለኝ።

የምጠይቃችሁ ማዕከሉ ሲከፈት ይህን የሚያውቁትን አረጋውያን ጠርታችሁ እንድታስመዘግቡ ነው። ከአንዳንዱ ገዳም ያለው ብራና በጦርነቱ ጊዜ ምን እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። ሰው ሲሞት ደግሞ አብሮ የሚቀበረው ብዙ ነው።

የጦሳ_ንፋስ

የኔታ ስለጻፉልን እጅግ አመሰግናለሁ፣ ልጅዎንም እግዜር ይባርክልኝ። ይሄ እኛ ረቂቅ ውስጥ አንድም ቦታ የለም፣ አፍሬያለሁ። ከፈቀዱልኝ ቅዳሜ መጥቼ ጉልበትዎን ስሜ ከእርስዎ ጋር ቁጭ ብዬ እመዘግባለሁ።

ኡሙ_ሐያት

አሰላሙ አለይኩም። የኔታ ያሉትን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ አላህ ይርሀመው። ሻዕባን 29 ሲመሽ እኛን ይዞ ኮረብታ ላይ ይወጣ ነበር ሂላል ማለት አዲሷን የረመዳን ጨረቃ ለማየት፣ ደሴ ከተማው ውስጥ ሆነህ ምዕራቡን ጦሳ ተራራ ስለሚሸፍንብህ አትታይም። አንዳንዴ ታየች ይባላል አንዳንዴ አልታየችም ይባላል፣ ሰፈሩ በሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ፆሞ አንዱ ይበላል።

ጥያቄዬ ለኬፕታውኑ ወንድሜ፣ ይሄን በስሌት ቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይ?

ኬፕታውን_ወሎዬ

ወአለይኩም ሰላም እህቴ። ይቻላል በደንብ። ጨረቃ ከፀሐይ በቀን ወደ 12 ዲግሪ ትርቃለች፣ ከፀሐይ 7 ዲግሪ ያህል ካልራቀች ጭላንጭሏ በአይን አትታይም የሚል የታወቀ ወሰን አለ። ከዛ በላይ ስትሆን ደሞ ከአድማስ ምን ያህል ከፍ ብላለች፣ ሰማዩ ምን ያህል ጨልሟል፣ ተራራው ስንት ዲግሪ ይሸፍናል የሚለው ነው። ታየች ብሎ መወሰን የኡለማዎች ነው እዛ አንገባም፣ ግን ለደሴ፣ ለኮምቦልቻ፣ ለወልዲያ የየራሱን ተራራ አድማስ ለክቶ ዛሬ ከዚህ ቦታ መታየት ይቻላል ወይም በፍፁም አይቻልም የሚል ሰንጠረዥ ማዕከሉ በየወሩ ቢያወጣ አንድ ተማሪ የመመረቂያ ፅሁፍ አርጎ ሊጨርሰው የሚችል ስራ ነው።

ሐቀኛው_ከወረባቦ

ይሄኛው ጥሩ ነው። ይሄን ዓይነት ነገር ከሆነ የምትሰሩት አልቃወምም።

ፊዚክስ_4ኛ_ዓመት

ሰላም፣ ሁሉንም አነበብኩት። እኔ ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ፣ አስትሮፊዚክስ መቀጠል እፈልጋለሁ ግን ቤተሰቤ ሌሊት ተራራ ላይ የሚሰራ ስራ ለሴት ልጅ አይሆንም አሉኝ። እውነት ለመናገር እኔም እፈራለሁ፣ መንገዱ ይታወቃል። ሴት ሆኖ በዚህ ዘርፍ እዚህ አገር የሰራ አለ ወይ? ወይስ ሌላ ዘርፍ ልምረጥ?

ኬፕታውን_ወሎዬ

እታለም ሌላ ዘርፍ አትምረጪ። ሚሪያና ፖቪች የምትባል ሰርቢያዊት አስትሮፊዚሲስት አዲስ አበባ መጥታ ለዓመታት ጋላክሲ ላይ እየሰራች ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን፣ ሴቶችንም፣ አስተምራለች፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ አስትሮኖሚ ማህበር በጆስሊን ቤል በርኔል ስም ያቋቋመውን ሜዳልያ መጀመሪያ ያገኘችው እሷ ናት። ጆስሊን ቤል ራሷ በ1967 እ.ኤ.አ. ፐልሳርን (እንደ ሰዓት ሳይዛነፍ የሬድዮ ምልክት የሚልክ ኮከብ ነው) ያገኘችው ተማሪ እያለች ነው። እኔ ደሞ የምልሽ፣ ከምሰራው ውስጥ አብዛኛው ቀን ላፕቶፕ ፊት ነው፣ ዛሬ ቴሌስኮፑን ከሌላ ከተማ ሆነሽ ነው የምታዢው።

ግን ፍርሃትሽን ቀላል አላደርገውም። የጦሳ ንፋስ፣ ይሄ ፕሮፖዛሉ ላይ መግባት አለበት፣ መኪና ከነሾፌሩ፣ ማደሪያ የሚቆለፍ፣ ሌሊት ቢያንስ ሦስት ሰው አብሮ መውጣት። መኪናው ለዚህ ከሆነ ሦስተኛ ተራ ላይ መሆኑ ስህተት አይደለም።

ከአቡነዮሴፍ_ስር

እኔ ቤቴ ከተራራው ስር ነው። አቡነ ዮሴፍ ወደ 4,260 ሜትር ነው፣ ጅባራ አለ ጭላዳ አለ ቀይ ቀበሮም አለ። ማህበረሰቡ ግጦሹን ከልሎ ነው የጠበቀው፣ ብዙ ስብሰባ ብዙ ጭቅጭቅ ተደርጎበት። ስለዚህ ከላይ ሆናችሁ ካርታ ላይ ነጥብ አድርጋችሁ አትምጡ። መንገድ ሲቆረጥ ቀበሮው ይሄዳል፣ መብራት ሲገባ ጨለማው ይሄዳል፣ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን አናግሩ። እኛ እንቢ አንልም እንግዳ እንወዳለን፣ ግን ልጆቻችን ጥበቃ ብቻ ሆነው የሚቀጠሩበት ነገር እንዲሆን አንፈልግም፣ ይማሩበት።

ሌላው፣ ጉሙ ጠዋትና ከሰዓት የተለያየ ነው። ብዙ ጊዜ ከስር ደመናው ተኝቶ ላይኛው ጫፍ ጥርት ብሎ ያድራል። እሱን መዝግቡት።

የጦሳ_ንፋስ · ህዳር 10

ሁላችሁንም አነበብኩ፣ ጓደኞቼንም አስነበብኳቸው፣ ትናንት ማታ እስከ 5 ሰዓት ተከራከርን። አሁን የመጀመሪያው ገፅ እንዲህ ሆኗል። ጥያቄ ይቀድማል፦ የወሎ ሰማይ በዓመት ስንት ሌሊት ይሰራል፣ የትኛው ከፍታ ላይ። ከዛ ሰው፦ ሁለት ፒኤችዲ ተማሪ፣ አራት ማስተርስ፣ አንድ ቴክኒሺያን በቋሚነት። ከዛ ሰርቨርና ባትሪ፣ የኮምቦልቻው ወንድማችን የቆርቆሮ አንቴና፣ የባህረ ሐሳብና የሂላል ስራ። መኪናው ማደሪያው ከነምክንያቱ። ቴሌስኮፕ አልወጣም፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው፣ 60 ሴንቲሜትር ተብሎ ከልኬቱ ውጤት ጋር ታስሮ። አንዱ ጓደኛችን አሁንም በጀቱ አያልፍም ይላል፣ ሊሆንም ይችላል፣ ግን ቢያንስ የምናምንበትን ነው የፃፍነው።

ሐቀኛው፣ ላስብበት ያልኩህን አሰብኩ። በየክረምቱ ከወረዳ 20 የፊዚክስ አስተማሪዎች መጥተው ሌንስ ከነማሰሪያው፣ ትንሽ ቴሌስኮፕ በእጃቸው ሰርተው ይዘው እንዲመለሱ የሚል ገብቷል። ክረምት ላይ ሰማዩ ዝግ ስለሆነ ቤት ውስጥ የሚሰራ ስራ ነው። ላቡን ሙሉ አያደርገውም አውቃለሁ።

ሐቀኛው_ከወረባቦ

20 ያንሳል። ወረዳውን ቁጠረው። ግን ጀምሩ፣ የእህቴን ልጅ አስተማሪ ስሙን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ።

የጦሳ_ንፋስ

ፕሮፖዛሉ እስኪያልፍ ለምን እንጠብቃለን ብለን መዝገቡን ልንጀምር ነው። ህዳር 13 ቅዳሜ፣ የሚካኤል ማግስት፣ ጨረቃ ገና ጭላንጭል ስለሆነች ቶሎ ትጠልቃለች። ዘዴው ቀላል ነው፣ ሰማዩን ስምንት ቦታ ከፍለህ ስንቱ በደመና እንደተያዘ ትፅፋለህ፣ ከዛ ሰባቱን ከዋክብት የሚሉትን ዘለላ አይተህ በባዶ አይንህ ስንት ኮከብ እንደቆጠርክ ትፅፋለህ። የትም ሆናችሁ ማታ 3 ሰዓት ላይ ውጡና ፃፉ። ከኛ ጋር መውጣት የሚፈልግ ኩታበር መንገድ ነው የምንሄደው፣ ጋቢ ያዙ።

ፊዚክስ_4ኛ_ዓመት

ከወንድሜ ጋር እመጣለሁ።

የጦሳ_ንፋስ · ህዳር 14

ኩታበር መንገድ፣ ደሴን የሚጋርድ ከፍታ ላይ። ማታ 3፡00። ደመና 1/8፣ ምስራቅ አድማስ ላይ ብቻ። ንፋስ መካከለኛ። ሰባቱ ከዋክብት፦ እኔ 6፣ ጓደኛዬ 7፣ የአራተኛ ዓመቷ ተማሪ 9። በስተደቡብ አድማሱ ላይ የደሴ መብራት ይታያል ወደ 10 ዲግሪ ከፍታ ድረስ ሰማዩን አንጥቶታል። በትንሿ ባለ 70 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ሳተርንን አየነው፣ ቀለበቱ ዘንድሮ ጎኑን ሰጥቶን ስለሆነ እንደ ክር ቀጥኗል ለማየት ይቸግራል። ቡናን በባይኖኩላር አገኘነው፣ ቡና_ጀባ ካርታው ተለጥፏል።

ላስታ_ልጅ

እኔም ወጥቻለሁ። ላሊበላ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ደመና 0/8፣ ንፋስ የለም፣ ሰባቱ ከዋክብት 8። አንድ ጥያቄ ግን፣ ሰዓቱን በኛ ነው በፈረንጅ የምንፅፈው? ኬፕታውን ያለው ሲያነበው እንዳይምታታ።

ኬፕታውን_ወሎዬ

ጥሩ ጠየቅክ፣ ከአሁኑ አንድ እናድርገው። ኦብዘርቫቶሪ ሁሉ በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው የሚመዘግበው፣ በኛ ማታ 3፡00 ማለት 18፡00 ነው። ቀኑንም ሁለቱንም አቆጣጠር ፃፉት።

ላስታ_ልጅ

እሺ አስተካክያለሁ። ላሊበላ፣ ህዳር 13፣ 2018 / ኖቬምበር 22፣ 2025፣ 18፡00፣ ደመና 0/8፣ ንፋስ የለም፣ ቆጠራ 8። ዛሬም ማታ እወጣለሁ።